በሶዶ ድሬሳዥ ለመጀመር፦ ለጎልማሳ ጀማሪ ፈረሰኛ

ድሬሳዥ ፈረስና ፈረሰኛ በተለካ ሜዳ ላይ፣ አስቀድሞ በተጻፈ ቅደም ተከተል፣ በዳኛ ፊት እየተራመዱ፣ እየዞሩና እየቆሙ ነጥብ የሚያገኙበት የግልቢያ ውድድር ነው። ማንም ማንንም አይቀድምም፤ የሚዘለል መሰናክልም የለም። ዳኛው የሚያየው ፈረሱ ምን ያህል ተረጋግቶና ቀጥ ብሎ በፈቃዱ እንደሚሄድ፣ ፈረሰኛው ደግሞ ትእዛዙን ምን ያህል ለዓይን ሳይታይ እንደሚሰጥ ነው። ዘግይቶ ለሚጀምር ሰው ከፈረስ ስፖርቶች ሁሉ የሚመቸው ይህ ይመስለኛል። ጃፓናዊው ሂሮሺ ሆኬትሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ ላይ በድሬሳዥ ሲወዳደር 71 ዓመቱ ነበር። ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርትል ፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ሽባ ካደረጋት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ላይ የብር ሜዳሊያ ወስዳለች። እንግዲህ 35 ወይም 45 ዓመት የሞላው የሶዶ ነዋሪ በዕድሜው የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

ይህን የምጽፈው ኮርቻ ላይ ወጥቶ ለማያውቅ፣ በወላይታ ሶዶ ወይም በዙሪያዋ ለሚኖር ሰው ነው። ፈረስ በቦዲቲም በአረካም ጋሪ እየጎተተ በየቀኑ ፊታችን ያልፋል፤ ሜዳም አለን። ከውጭ ወይም ከአዲስ አበባ መምጣት ያለባቸው የራስ መከላከያ ቆብ፣ ለስላሳ ልጓምና የድሬሳዥ ኮርቻ ብቻ ናቸው። ቀሪው በትዕግሥት የሚሠራ ነው።

በመጀመሪያ ሚዛን ላይ ይውጡ

የአገራችን ፈረስ ጠንካራ ቢሆንም አካሉ ትንሽ ነው። በአውሮፓ ውድድሮች የሚታዩት የድሬሳዥ ፈረሶች 500 እና 600 ኪሎ ይመዝናሉ። በእኛ አገር ጋሪ የሚጎትተው አብዛኛው ፈረስ የዚያን ግማሽ ቢደርስ ነው። ስለዚህ ፈረስ ከመፈለግዎ በፊት የራስዎን ክብደት ማወቅ አለብዎ።

በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ ፈረሰኛው ከነልብሱና ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ስምንት ፈረሶችን የክብደታቸውን 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ እያሸከሙ ሞክረው ነበር። ሸክሙ 25 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን የጡንቻቸው ሕመምና መወጠር ጎልቶ ታይቷል። የታመመ ጀርባ ያለው ፈረስ ደግሞ ድሬሳዥ ሊማር አይችልም። ጀርባውን ያጠነክራል፣ አንገቱን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ እርምጃውን ያሳጥራል። እኛም ብዙ ጊዜ እልኸኛ ነው ብለን እንመታዋለን።

ፈረስ ለመመዘን ትልቅ ሚዛን አያስፈልግም፤ ሲባጎና የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሜትሩ 150 ሴንቲሜትር ላይ ስለሚያልቅ በሲባጎ ይለኩና ሲባጎውን በሜትሩ ይለኩ። ፈረሱን ደልደል ባለ ቦታ ቀጥ አድርገው ያቁሙ። በቅድሚያ ከትከሻው ጉብታ ኋላ፣ ከፊት እግሮቹ በስተጀርባ ደረቱን ዙሪያውን ይለኩ። ቀጥሎም ከትከሻው አጥንት የፊት ጫፍ እስከ ቂጡ አጥንት ጫፍ ያለውን ርዝመት ይውሰዱ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ ያባዙ፤ ያንን በርዝመቱ ያባዙና ለ11,877 ያካፍሉት። ልኩ በሴንቲሜትር ከሆነ ውጤቱ በኪሎ ይመጣል። ደረቱ 150፣ ርዝመቱ 140 የሆነ ፈረስ 265 ኪሎ ገደማ ነው፤ የዚህ 20 በመቶ 53 ኪሎ ነው። 62 ኪሎ የሚመዝን ሰው 8 ኪሎ ኮርቻ ሲጨምርበት 70 ኪሎ ይሆናል፤ ይህ ለዚህ ፈረስ 26 በመቶ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ሲመጣ ምን ይደረጋል? የእኔ ውሳኔ ግልጽ ነው። ከ20 በመቶ በታች ከሆኑ ሳይጨነቁ ይጀምሩ። በ20 እና በ25 መካከል ከሆኑ ፈረሱ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ከ20 ደቂቃ አያሳልፉ፤ አብዛኛውንም በእርምጃ ይጨርሱት። ከ25 በመቶ ካለፉ በዚያ ፈረስ ላይ አይውጡ። ከመሬት ሆነው ያሠልጥኑት፤ ለግልቢያው ሌላ ይፈልጉ፣ ወይም ቀለል ያለ የቤተሰብ አባል ይጋልበው። ሰፋ ያለ ፈረስ መግዛት ለሚችል ሰው ከሰሜን ሸዋ የሚመጣው የሰላሌ ፈረስ ከአገራችን ፈረሶች በቁመናውም በግልቢያውም የተመሰገነ ነው።

በቅሎን አይናቁ። የእኛ ሰው ትልልቅ ሰዎቹንና ካህናቱን በበቅሎ ሲያስጉዝ የኖረው ለክብር ብቻ አይደለም፤ በቅሎ ረጋ ያለች፣ እግሯን የምታምን፣ ሸክም የምትችል እንስሳ ናት። በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድሮች ባይፈቀድላትም የአሜሪካ የድሬሳዥ ውድድሮች በሯን ከፍተውላታል። በብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2018 ዋላስ የተባለ በቅሎ እንዲወዳደር ሲባል ደንቡ ተሻሽሏል።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ይለያያል። እኛ ዘንድ የሚወደሰው ሰጋር ነው፤ የተቀመጠበትን ሰው የማይንጥ፣ ወራጅ አካሄድ። ድሬሳዥ የሚፈልገው ግን ንጹሕ ሶምሶማ ነው፦ የቀኝ ፊት እግር ከግራ ኋላ እግር ጋር፣ የግራ ፊት ከቀኝ ኋላ ጋር እኩል ተነስተው እኩል የሚያርፉበት። ፈረሱን ሰው በገመድ ይዞት ከጎንዎ እንዲያሮጠው ያድርጉና እግሮቹን ይመልከቱ፤ ጆሮዎንም ይስጡ። ሁለት ምት ከሰሙ ሶምሶማ ነው። አራት የተቆራረጡ ምቶች ከሰሙ፣ ወይም የአንድ ጎን ሁለት እግሮች አብረው ሲሄዱ ካዩ ሰጋር ነው። ለመንገድ ድንቅ ይሆናል፤ በዳኛ ፊት ግን ነጥብ ያስቀንሳል። ዕድሜው ከ6 እስከ 15 ዓመት የሆነ፣ የማያነክስ፣ ከኮርቻው ቦታና ከሆዱ ስር ቁስል የሌለበት፣ የጎድን አጥንቱ ከሩቅ የማይቆጠር ፈረስ ይምረጡ። ቀለሙ ዳማ ይሁን አምባላይ ለውጥ የለውም።

ከመግዛትዎ ወይም ከመዋዋልዎ በፊት በእንስሳት ሐኪም ያስመርምሩት። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለው ባለሙያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብዎትም። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን በጥቃቅን በራሪ ነፍሳት የሚተላለፍ ገዳይ በሽታ የሚከላከል ክትባት ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል፤ ዝናቡ ሳይገባ በየዓመቱ ያስከትቡ። ወደ አባያና ወደ ኦሞ ወንዝ በሚወርዱት ቆላ ቀበሌዎች የገንዲ በሽታ ስላለ ከደጋ ያመጡትን ፈረስ ወደዚያ ይዘው አይውረዱ።

ከባለጋሪው ጋር መስማማት

የራስዎ ፈረስ ከሌለዎ ሁነኛው መንገድ ከአንድ ባለጋሪ ጋር ተዋውሎ ፈረሱን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ማለዳ መከራየት ነው። ፈረሱን ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም፦ በየትኛው ጎኑ እንደሚደነግጥ፣ የቱ እግሩ እንደሚደክም፣ የትኛውን ድምፅ እንደሚሰማ። ይህን ሁሉ ጠይቀው በማስታወሻ ይጻፉት።

ውሉ ሦስት ነገር ይኑረው። ፈረሱ የገበያ ቀን ጋሪ ከጎተተ በማግስቱ አይጋለብም። የሚከፈለው ዋጋ ባለጋሪው በዚያ ሰዓት ሠርቶ ያገኘው ከነበረው ያላነሰ ይሁን። ቁስል የታየ ዕለት ደግሞ ሥራው ይቆማል፤ ክፍያው ግን አይቆምም። ሦስተኛውን አጥብቄ እመክራለሁ። ቁስል መናገር ገንዘብ የሚያሳጣው ባለጋሪ ቁስሉን ቢደብቅ ሊፈረድበት አይገባም።

የጋሪ ፈረስ ድምፅና ዛብ ያውቃል። ጀርባው ላይ የሚቀመጥ ሰውና ጎኑን የሚነካ እግር ግን አያውቅም። ደግና የተረጋጋ ስለሆነ ብቻ ወዲያው አይውጡበት። በቅድሚያ ባዶ ኮርቻ ይልመድ፣ ከዚያ እርካብ ጎኑን እየነካው ይሂድ፣ ከዚያ ግልቢያ የሚያውቅ ቀላል ሰው ይውጣበት። ጀማሪ ፈረሰኛና ጀማሪ ፈረስ በአንድ ቀን አይገናኙ።

ጉግስ ሲጫወት ያደገ ፈረስ ካገኙ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። እግር ሲነካው ሽምጥ እንዲሄድ፣ ዛብ ሲሳብ በድንገት እንዲቆም ተምሯል። እንዲህ ያለውን ፈረስ ለወራት በእርምጃ ብቻ እያመላለሱ የተነካ ሁሉ እንደማይሮጥ ማስተማር ይጠይቃል። ትጉህ ሰው ይችለዋል፤ ጀማሪ ግን ባይሞክረው ይሻላል።

ዕቃው

ገንዘብዎ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለራስ መከላከያ ቆቡ ያውሉት። ለፈረስ ግልቢያ የተሠራ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት፣ ማለትም ኢኤን 1384 ወይም ኤኤስቲኤም ኤፍ 1163 የሚል ጽሑፍ፣ በውስጡ ይፈልጉ። የሞተር ሳይክል ሄልሜት ከባድ ስለሆነ አንገት ይጎዳል፤ እይታንና መስማትንም ይጋርዳል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎ የራስዎን ዙሪያ በሴንቲሜትር ለክተው ይላኩለት። አንድ ጊዜ በኃይል የወደቀ ቆብ ከውጭ ደህና ቢመስልም አያገለግልም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ድሬሳዥ ላይ የቀድሞው ረጅም ጥቁር ባርኔጣ ቀርቶ መከላከያ ቆብ ግዴታ ሆኗል።

ቀጥሎ ልጓም። በአገራችን የተለመደው በአገጭ ስር ቀለበት ያለው የብረት ልጓም ፈረስን በአንድ ስበት የሚያቆም ኃይለኛ ነገር ነው። በሜዳ ጨዋታ ላይ ለምን እንደተፈለገ ይገባኛል፤ የእጁን ሚዛን ገና ላልተማረ ሰው ግን የፈረሱን አፍ የሚያቆስል መሣሪያ ነው። የሚፈልጉት መሐሉ መታጠፊያ ያለው፣ ለስላሳ፣ በሁለት ጫፉ ቀለበት ያለው ቀላል ልጓም ነው። ስፋቱን ለማወቅ ንጹሕ እንጨት በፈረሱ አፍ ውስጥ አግድም ያሳልፉና ከከንፈሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ምልክት ያድርጉ። ልጓሙ ገብቶ በአፉ ጠርዝ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሽብሽብ ካሳየ ልኩ ነው።

ከእንጨት የተሠራው ባህላዊ ኮርቻ ከፊትና ከኋላ ከፍ ብሎ ፈረሰኛውን ይይዘዋል። ለድሬሳዥ መሐሉ ጠለቅ ያለ፣ የጎኑ ቆዳ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ኮርቻ ያስፈልጋል፤ ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም። ሲጭኑት በኮርቻው ፊትና በፈረሱ ትከሻ ጉብታ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት ማለፍ አለበት፤ እርስዎ ከተቀመጡበት በኋላም ጭምር። ከግልቢያ በኋላ ኮርቻውን ሲያነሱ የላቡን ምልክት ይመልከቱ። በሁለቱም ጎን እኩል እርጥብ ከሆነ ጥሩ ነው። በእርጥቡ መሐል አንድ ደረቅ ቦታ ካዩ ኮርቻው እዚያ ላይ እየተጫነ የላቡን መውጫ ዘግቷል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቁስል የሚወጣው እዚያው ነው።

እርካቡ ከጫማዎ ወርድ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ይስፋ። በአውራ ጣት ብቻ የሚያዘው የቀድሞ እርካብ ለባዶ እግር የተሠራ ነው፤ በጫማ ከገቡበት ሲወድቁ እግርዎ ተይዞ ሊጎተቱ ይችላሉ። ጫማዎ ዝቅ ያለ ተረከዝና ለስላሳ ሶል ይኑረው። ከመጀመርዎ በፊት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይከተቡ። አጥንት ከተጎዳ ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል በአጥንት ቀዶ ሕክምና የታወቀ ስለሆነ ስልኩን ከእርስዎ ጋር በሚሆነው ሰው ስልክ ውስጥ ያስመዝግቡ፤ ብቻዎንም ከቶ አይጋልቡ።

ሜዳውን ማስመር

ጀማሪ የሚወዳደርበት ሜዳ 20 በ40 ሜትር ነው። የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ ግማሹ ከበቂ በላይ ነው። ሶዶ የዳሞታ ተራራ ግርጌ ላይ ስለተቀመጠች ደልዳላ ቦታ ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል፤ ተዳፋት ላይ ግን አይሥሩ፤ ፈረሱ ቁልቁል ሲሄድ ይፈጥናል፣ ሽቅብ ሲሄድ ይዘገያል፣ እርስዎም ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይለዩም። ፈቃድ ይጠይቁ፣ የወደቀውን ፋንድያ አንስተው ይውጡ።

ገመድ፣ አራት ችካልና ኖራ ይዘው ይሂዱ። የ40 ሜትሩን ጎን ይዘርጉ፣ ከጫፉ የ20ውን ያውጡ፣ ከዚያም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አግድም ይለኩ። ሁለቱም አግድሞች 44 ሜትር ከ72 ሴንቲሜትር ከሆኑ ሜዳዎ ትክክለኛ ማዕዘን አለው። ፊደሎቹን በካርቶን ጽፈው ያቁሙ። ከመግቢያው ጀምሮ በሰዓት አቅጣጫ ኤ፣ ኬ፣ ኢ፣ ኤች፣ ሲ፣ ኤም፣ ቢ፣ ኤፍ ናቸው። ኤ የመግቢያው አጭር ጎን መሐል ነው፤ ሲ በተቃራኒው አጭር ጎን መሐል፣ ዳኛው የሚቀመጥበት። ኢ እና ቢ በረጃጅሞቹ ጎኖች መሐል፣ 20ኛው ሜትር ላይ ናቸው። ኬ፣ ኤች፣ ኤም እና ኤፍ ከየማዕዘናቸው 6 ሜትር ይርቃሉ። የሜዳው እምብርት ኤክስ ይባላል፤ እሱ ላይ ግን ካርቶን አይቆምም። ቅደም ተከተሉን በቃልዎ እስኪይዙት በእግርዎ ይራመዱበት።

ልጆች ይሰበሰባሉ፤ መሰብሰባቸውም ደስ የሚል ነው። ከመካከላቸው ሁለት ታላላቆቹን ሰልፍ አስጠባቂ አድርገው ይሹሙ፣ ከመስመሩ አምስት ሜትር ርቀው እንዲቀመጡ ያድርጉ። የወላይታ ቀይ አፈር በዝናብ ስለሚያንሸራትት ዋናውን ልምምድ ከጥቅምት በኋላ ባለው በጋ ይያዙት። በክረምቱ ወራት ከመሬት ሆነው ይሥሩ።

ከመሬት ወደ ኮርቻ

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከፈረሱ ጎን በእግርዎ ያሳልፉ። በሜዳው ዙሪያ ይዘውት ይሂዱ፣ በየፊደሉ ያቁሙት፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ያስኪዱት፣ እንደገና ያንቀሳቅሱት። ሳይጎትቱት ከእርስዎ ጋር ከቆመና ከተነሳ የሥራው ግማሽ አልቋል። ኮቴውን በየቀኑ ያንሱ፣ ይጥረጉ። ደሾ ሣርና ድርቆሽ ይብላ፤ ፉርሽካ ለሥራ ቀን ትንሽ ይጨመርለት፤ ውኃ አይጓደልበት።

ከዚያ ረጅሙ ገመድ ይመጣል። ልምድ ያለው ሰው መሐል ላይ ቆሞ ፈረሱን በሰባት ወይም ስምንት ሜትር ገመድ ያዞራል፤ እርስዎ ዛቡን ሳይነኩ ከላይ ይቀመጣሉ። ዛብ ከሌለዎ ሚዛንዎን በፈረሱ አፍ ሊጠብቁ አይችሉም፤ ይህ ልምምድ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው። ከጎን የሚያይዎ ሰው ጆሮዎን፣ ትከሻዎን፣ ዳሌዎንና ተረከዝዎን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ማየት አለበት። ጀማሪ ሁሉ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እግሩን ወደ ፊት ይልካል፤ ያኔ ተረከዙ ከዳሌው ይቀድማል፣ ፈረሱ ሲነሳ ወደ ኋላ ይወረወራል። እርካቡን አውልቀው ጭኖችዎን ያላሉ፣ ክንድዎን በየተራ ያሽከርክሩ፣ ጮክ ብለው ይቁጠሩ። ትንፋሹን የያዘ ሰው ሰውነቱ ይደርቃል።

ሶምሶማ ሲጀመር ሁለት ምት ስላለው በአንዱ ተነስተው በአንዱ ይቀመጣሉ። ወደ ቀኝ ሲዞሩ የውጭው፣ ማለትም የግራው ትከሻ ወደ ፊት ሲሄድ ይነሱ፤ ያ እግር መሬት ሲረግጥ ይቀመጡ። ወደ ግራ ሲዞሩ በተቃራኒው ነው። አቅጣጫ ሲቀይሩ አንድ ተጨማሪ ምት ተቀምጠው ያስተካክሉታል። መጀመሪያ ወደ ትከሻው እያዩ ይማሩት፤ በኋላ ዳሌዎ ራሱ ይነግርዎታል።

ለማቆም አከርካሪዎን ቀጥ ያድርጉ፣ ትንፋሽዎን ያውጡ፣ ጣቶችዎን ዛቡ ላይ ይጨብጡ፤ እንደቆመ ወዲያው ያላሉ። ወደ ኋላ የሚሳብ ክንድ ፈረሱን ይከራከረዋል። ሲታዘዝ ወዲያው መልቀቅ ነው ትምህርቱ፤ የግሪኩ ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምዕተ ዓመት ስለ ፈረስ ግልቢያ ሲጽፍም የመከረው ማስገደድን መተው ነው።

የጀማሪው ትልቁ ፈተና 20 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው። በሲ ላይ የሚሠራው ክብ አራት ነጥብ ይነካል፦ ሲን፣ ሁለቱን ረጃጅም ጎኖች ከማዕዘኑ 10 ሜትር ላይ፣ እና ኤክስን። እነዚህ አራት ቦታዎች ላይ ትንሽ የኖራ ነጥብ ያድርጉ። ከነጥብ ወደ ነጥብ ሩብ ክብ ብቻ ያስቡ፤ እያንዳንዱን ነጥብ ለአንድ እርምጃ ብቻ ነክተው ይለፉ። ክቡን ወደ ማዕዘኑ ካስገቡት አራት ማዕዘን ይሆናል፤ ከኤክስ ወዲያ ካሳለፉት ደግሞ ሞላላ ይሆናል። ዳኛ ይህን ከሲ ላይ ተቀምጦ በቀላሉ ያየዋል። ክብዎን ኖራ ሳያዩ ሠርተው፣ ቀጥሎ ወርደው የፈረሱን ኮቴ ዱካ በእግርዎ ይከተሉት፤ አፈሩ እውነቱን ጽፎ ያስቀምጥልዎታል።

የኮርቻ ሰዓት ለመጨመር ከሶዶ ውጭ መውጣትም አለ። ሻሸመኔን አልፎ በዶዶላ ባሌ ተራሮች ላይ በፈረስ የሚደረግ የብዙ ቀን ጉዞ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ እንጦጦ ፓርክ ፈረስ ይጋለባል፤ በከተማዋና በዙሪያዋም ግልቢያ የሚያስተምሩ የግል ማሠልጠኛዎች አሉ። በጥቂት ወራት አንድ ጊዜ እዚያ ሄደው በአሠልጣኝ ፊት መጋለብ ለብቻ ሲሠሩ የሚገቡብዎትን ልማዶች ያርማል።

ውድድሩ

ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ በእርምጃና በሶምሶማ ብቻ የሚሠራ አጭር ፈተና ለመሞከር ይበቃሉ። መልኩ እንዲህ ነው፦ በኤ ይግቡ፤ ኤክስ ላይ ቆመው ሰላምታ ይስጡ፤ ሲ ሲደርሱ ወደ ግራ ይታጠፉ፤ ኢ ላይ የ20 ሜትር ክብ ወደ ግራ ይሥሩ፤ ኬን፣ ኤንና ኤፍን አልፈው ከኤፍ በኤክስ በኩል ወደ ኤች አግድም ያቋርጡ፤ ሲን አልፈው ቢ ላይ ክብ ወደ ቀኝ ይሥሩ፤ ኤ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈው መሐሉን ይዘው ይምጡ፤ ኤክስ ላይ ቆመው ሰላምታ ይስጡ። ሰላምታው ዛቡን በአንድ እጅ ይዞ ሌላውን ወደ ጎን ጥሎ ራስን ዝቅ ማድረግ ነው።

ለያንዳንዱ ክፍል ዳኛው ከ0 እስከ 10 ይሰጣል፤ ግማሽ ነጥብም አለ። 10 እጅግ የላቀ፣ 7 በመጠኑ መልካም፣ 6 አጥጋቢ፣ 4 በቂ ያልሆነ፣ 0 ጨርሶ ያልተሠራ ነው። ድምሩ ወደ መቶኛ ይቀየራል፤ ከ230 ነጥብ 143 ያገኘ ሰው 62 በመቶ ገደማ አምጥቷል። ለጀማሪ 60 በመቶን ማለፍ የሚያኮራ ነው።

በአቅራቢያዎ ዳኛ ካላገኙ በቪዲዮ የሚዳኙ ውድድሮች በውጭ አገር አሉ። የተመደበውን ፈተና ይጋልባሉ፣ ሰው ከሲ ኋላ መሐሉ ላይ ቆሞ በስልክ ይቀርጻል፣ ቪዲዮው ሳይቆራረጥ ይላካል፣ የነጥብ ወረቀቱ ከዳኛው አስተያየት ጋር ይመለሳል። ስልኩ በማቆሚያ ላይ ይሁን፤ ፀሐይ ከቀራጩ ጀርባ ይሁን፤ ማለዳ ይቅረጹ። ከመክፈልዎ በፊት በቅሎ ይፈቀድ እንደሆነ፣ የፈረሱ ቁመት ገደብ ይኖረው እንደሆነና የትኛው ልጓም እንደሚከለከል ደንቡን ያንብቡ። የነጥብ ወረቀቱ ሲደርስ መቶኛውን ትተው አስተያየቱን ይያዙ፤ ሦስት ጊዜ የተደገመውን ጉድለት መርጠው አንድ ወር እሱን ብቻ ይሥሩ። ከዚያም ያንኑ ፈተና ደግመው ይግቡበት።

ሦስት ወይም አራት ሰው ከሆናችሁ ሜዳውንም ኮርቻውንም የአሠልጣኙንም ጉዞ መካፈል ይቻላል። በአዊ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል፤ ፈረሰኞች ተሰባስበው የሚያቆሙት ማኅበር ከመሥራቾቹ ዕድሜ እንደሚያልፍ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የግብፁን ዛማሌክን በፍጹም ቅጣት ምት ከአፍሪካ ውድድር ያስወጣ ክለብ ያላት ሶዶ የፈረስ ስፖርት ክለብ ብታቋቁም የሚበዛባት አይደለም። ስማችሁን ይዛችሁ ወደ ከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ባለጋሪዎቹንም አባል አድርጉ። በዚህ ሳምንት ግን ከሁሉ በፊት ሲባጎና ሜትር ይዘው አንድ ባለጋሪ ያነጋግሩ፣ ፈረሱን ይለኩ፣ ሒሳቡን ይሥሩ።